የነፃነት ልጆች፦ ከልብ ወለድ ወደ ፊልም

ከነፃነት በኋላ ያደገን ትውልድ የሚተርክ ልብ ወለድ የአንድን ሰው ዕድሜ ከአገሩ ዕድሜ ጋር አስተሳስሮ ይነሣል። ባለታሪኩ ሲወለድ ባንዲራ ይሰቀላል፤ ፊደል ሲቆጥር አገሪቱም ትምህርት ቤት ትከፍታለች፤ ተስፋው ሲፈተን የአገሪቱም ተስፋ ይፈተናል። እንዲህ ያለ መጽሐፍ በስተመጨረሻ የሚጠይቀው አንድ ነገር ነው፤ ሌሎች ሞተው ያስረከቡትን ነፃነት የተቀበለው ሰው ምን አደረገበት? ይህ የአደራ ጥያቄ ነው። በመሆኑም መጽሐፉ ወደ ፊልም ሲመለስ ከታሪኩ ጋር አደራውም እጅ ይለውጣል። የፊልሙ አዘጋጅ የደራሲውን ቃልና የትውልዱን ኑዛዜ ተረክቦ ለተመልካች ፍርድ ያቀርባል። ይህ ርክክብ እንዴት እንደሚፈጸም፣ በመንገድ ላይ ምን እንደሚጎድልና ምን እንደሚገኝ ለማየት ከሕንድ የመጣው «የእኩለ ሌሊት ልጆች» እና ከኢሉባቦር የበቀሉት የበዓሉ ግርማ ልብ ወለዶች ጎን ለጎን ሲቆሙ ብዙ ያሳያሉ።

የነፃነት ሰዓት

የሕንድ ነፃነት ሰዓቱ የታወቀ ነው። ነሐሴ 9 ቀን 1939 ዓ.ም እኩለ ሌሊት ላይ የእንግሊዝ አገዛዝ አበቃ። ሰልማን ሩሽዲ እ.ኤ.አ በ1981 ያሳተመው «የእኩለ ሌሊት ልጆች» ባለታሪኩን ሳሊም ሲናይን በዚያችው ቅጽበት ያስወልደዋል። በነፃነት የመጀመሪያ ሰዓት ውስጥ የተወለዱት 1,001 ሕፃናት እያንዳንዳቸው ተአምራዊ ስጦታ አላቸው፤ የሳሊም ስጦታ የሌሎችን ሐሳብ በራሱ ውስጥ መስማት ነው። ልጆቹ አሥር ዓመት ሳይሞላቸው 420ዎቹ ይሞታሉ። የተረፉትም ኋላ ላይ ኢንዲራ ጋንዲ ባወጀችው የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ዘመን ስጦታቸውን ይነጠቃሉ። አገር ከነልጆቿ ተስፋ ተሰጥቷት፣ ተስፋው በገዛ መንግሥቷ እጅ ሲመክን የሚያሳይ ታሪክ ነው።

የኢትዮጵያ ሰዓት ግን በአንድ ደወል አልተመታም። አገሪቱ እንደ ሕንድ ለረጅም ዘመን በቅኝ ባትገዛም አምስቱ የኢጣልያ ወረራ ዓመታት በፊትና በኋላ መካከል ወሰን አበጅተዋል። ንጉሠ ነገሥቱ ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ዓ.ም አዲስ አበባ ሲገቡ በምዕራቡ ጫፍ ጦርነቱ ገና አላበቃም ነበር። ደቡብ ምዕራቡን ይዞ የነበረው የኢጣልያ ጦር አዛዥ ጄኔራል ፒዬትሮ ጋዜራ እጁን የሰጠው በሰኔ ወር መጨረሻ ደምቢ ዶሎ ላይ፣ ከቤልጅግ ኮንጎ ለመጣው ጦር ነው። ጎንደር ደግሞ እስከ ኅዳር 1934 ዓ.ም ቆየች። ነፃነት በየአውራጃው በየራሱ ቀን ገባ ማለት ይቻላል።

በዚህ ታሪክ ውስጥ ኢሉባቦር የዳር ተመልካች አልነበረም። በ1928 ዓ.ም አዲስ አበባ ስትያዝ ጎሬ የተረፈው መንግሥት መቀመጫ ሆናለች። ራስ እምሩ ኃይለ ሥላሴ ከሰሜን ግንባር ወደዚያ ተሻግረው መጡ፤ ከሆለታ ጦር ትምህርት ቤትና ከውጭ አገር ትምህርት የተመለሱ ወጣቶች ያሉበት የጥቁር አንበሳ ማኅበርም ከእሳቸው ጋር ተሰለፈ። ጎሬ በኅዳር 1929 ዓ.ም በጠላት እጅ ወደቀች፤ ራስ እምሩም በተከታዩ ወር ጎጀብ ወንዝ አጠገብ ተማረኩ። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ የየካቲት 12 ጭፍጨፋና የተከተለው አደን ያንን የተማረ ትውልድ አመናመነው። ከ1933 ዓ.ም በኋላ ያደገው ልጅ እንግዲህ ሁለት ነገር ወርሷል፤ የተመለሰ አገርና ባዶ የቀረ የታላላቆቹ ወንበር።

ያንን ወንበር ለመሙላት መንግሥት በጥድፊያ ትምህርት ቤት ከፈተ። የጄኔራል ዊንጌት ትምህርት ቤት ከነፃነቱ ጥቂት ዓመታት በኋላ ተቋቋመ፤ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ በ1943 ዓ.ም ማስተማር ጀመረ። ከየክፍለ ሀገሩ የተመረጡ ልጆች በአዳሪነት ገብተው፣ በመንግሥት ወጪ ተምረው፣ ገሚሶቹ ባሕር ተሻግረው ተመለሱ። በየካቲት 1957 ዓ.ም ደግሞ «መሬት ለአራሹ» ብለው አደባባይ ወጡ። ያስተማራቸውን መንግሥት የከሰሱት በሰጣቸው ትምህርት ነው።

የኢሉባቦሩ ምስክር

በዓሉ ግርማ የዚህ ትውልድ ልጅም ጸሐፊም ነው። የተወለደው በወረራው ዘመን፣ በኢሉባቦር ሱጴ ሲሆን አባቱ ከሕንድ የመጡ ነጋዴ እንደነበሩ በሕይወት ታሪኩ ተጽፏል። አዲስ አበባ መጥቶ በአዳሪነት ተማረ፤ ዊንጌት ገባ፤ ከዩኒቨርሲቲ ተመርቆ በአሜሪካ ሚሺገን ስቴት ዩኒቨርሲቲ ሁለተኛ ዲግሪውን ያዘ። ከዚያ «መነን»፣ «አዲስ ሪፖርተር»፣ «አዲስ ዘመን» እና «ኢትዮጵያን ሄራልድ» በእጁ አልፈዋል፤ በደርግ ዘመንም በማስታወቂያ ሚኒስቴር እስከ ከፍተኛ ሹመት ደረሰ። ስለ ትውልዱ የጻፈው ከውጭ ሆኖ እያየ ሳይሆን ከሥልጣኑ ማዕድ ተቀምጦ ነው፤ ስለዚህም የልብ ወለዶቹ ወቀሳ ራሱን ጸሐፊውን አይምርም።

ልብ ወለዶቹ አንድ ላይ ሲነበቡ የአንድን ትውልድ ሦስት ዕድሜ ይይዛሉ። በ1962 ዓ.ም የወጣው «ከአድማስ ባሻገር» የተማረውን ባለሥልጣን ያሳያል። አበራ ወርቁ ደመወዝ፣ ቤትና ማዕረግ አለው፤ ልቡ ግን ሥዕል ላይ ነው። ወንድሙ አባተ ደግሞ አግባ፣ ውለድ፣ ሰው ሁን እያለ ይጎተጉተዋል። ችግሩ ከድህነት የመጣ አይደለም። ያገኘው ሁሉ በሌሎች ተመርጦ የተሰጠው ስለሆነ የራሱ የሚለው ሕይወት ሳይኖረው ይቀራል። በ1966 ዓ.ም የታተመው «የህሊና ደወል» ደግሞ አንድ ወጣት አስተማሪ ወደ ኢሉባቦር ወርዶ ከሕዝቡ ጋር ትምህርት ቤት ለማቆም ሲታገል ያሳያል። በ1975 ዓ.ም የወጣው «ኦሮማይ» ላይ ያ ትውልድ ሥልጣን ይዟል። ጋዜጠኛው ጸጋዬ ኃይለ ማርያም የቀይ ኮከብ ዘመቻን ሊያስተዋውቅ አስመራ ገብቶ፣ በእጮኛው ሮማንና እዚያ ባፈቀራት በፊያሜታ፣ በመፈክሩና በሚያየው ጦርነት መካከል ይዋልላል።

ከነዚህ ሁሉ «የህሊና ደወል» የተለየ ዕጣ ገጥሞታል። በዓሉ ያንኑ ታሪክ እንደገና አስፍቶ ጽፎ በ1975 ዓ.ም «ሐዲስ» በሚል ርዕስ አሳተመው። የመጀመሪያው የተጻፈው ተስፋው ገና ከፊት ሳለ፣ አብዮቱ ሊፈነዳ ሲል ነው። ሁለተኛው የወጣው ያ ተስፋ በደም ከታጠበ በኋላ ነው። አስተማሪው ያው ነው፤ መንገዱም ያው የኢሉባቦር መንገድ ነው፤ አንባቢው ግን ተለውጧል። የመጀመሪያው መጽሐፍ አንባቢ ወጣቱ መምህር ይሳካለት እንደሆነ ለማወቅ ይጓጓል፤ የሁለተኛው አንባቢ ግን እንደዚህ መምህር ያሉ ወጣቶች ኋላ የት እንደደረሱ በዐይኑ አይቷል። ለፊልም ሥራ ትልቁ ትምህርት እዚህ አለ። የትውልድ ታሪክ አንድ ጊዜ ተነግሮ አያበቃም፤ ዘመን በተለወጠ ቁጥር ሌላ ፍርድ ስለሚጠራ እንደገና መነገር ይፈልጋል። ፊልምም ከዚህ ዳግም ንግር አንዱ ነው፤ ሕጋዊነቱን የሚያገኘውም ከዚሁ ፍላጎት ነው።

ከገጽ ወደ መስኮት

«የእኩለ ሌሊት ልጆች» እ.ኤ.አ በ2012 በዲፓ መህታ አዘጋጅነት ፊልም ሆነ። የፊልሙን ጽሑፍ ያዘጋጀው ራሱ ሩሽዲ ነው፤ የተራኪውንም ድምፅ እሱ ሰጥቷል። ከ400 ገጽ በላይ ያለው፣ ከስድሳ ዓመት በላይ የሚሸፍነው፣ ሕንድን፣ ፓኪስታንን እና ባንግላዴሽን የሚያካልለው መጽሐፍ ሁለት ሰዓት ተኩል በማይሞላ ጊዜ ውስጥ ገባ። የደራሲው መገኘት ለታማኝነት ዋስትና መስሎ ነበር። ሆኖም ከፊልሙ የጎደለው ነገር ከገጾቹ ብዛት ጋር አይገናኝም።

በመጽሐፉ ውስጥ ሳሊም ታሪኩን የሚነግራት ፓድማ የምትባል ሴት አለች። አጠገቡ ተቀምጣ ታዳምጣለች፤ ሲያራዝም ትቆጣለች፤ ሲዋሽ ትጠረጥራለች፤ ስትቀር ይናፍቃታል። ሳሊም ዓመተ ምሕረት ይስታል፤ ስሕተቱን ያውቅና ሳያርመው ያልፋል፤ አገሪቱ የደረሰባትን ሁሉ በራሱ ምክንያት የመጣ አድርጎ ይናገራል። አንባቢው የሚያምነውና የማያምነው ፓድማ ባለችበት ልክ ነው፤ እሷ በአንባቢው ቦታ ተተክታ የምትመረምር ዳኛ ናት። ፊልሙ ፓድማን አስቀርቷታል። የቀረው ከምስሉ ላይ የሚሰማ የተራኪ ድምፅ ነው፤ የሚከራከረው የለም። ድምፅ ያለ አድማጭ ሲቀር የሚናዘዘው ሰው ቀስ በቀስ የታሪክ ዘጋቢ ይሆናል። ክሱ መግለጫ ይሆናል። በመጽሐፉ ውስጥ «እውነት እንዲህ ነበር ወይ?» የሚያሰኘው ሁሉ በፊልሙ «እንዲህ ነበር» ወደሚል ያዘነብላል።

ሁለተኛው ለውጥ ከካሜራ ተፈጥሮ የመጣ ነው። በመጽሐፉ መጀመሪያ የሳሊም አያት ዶክተር አዚዝ አንዲት ወጣት ታማሚን እንዲመረምር ይጠራል፤ ግን ልጅቱን ማየት አይፈቀድለትም። ሁለት ሴቶች የዘረጉት ነጭ አንሶላ መካከሉ ተቀዷል፤ ሐኪሙ በቀዳዳው አንድ ቀን ሆዷን፣ ሌላ ቀን ትከሻዋን፣ ሌላ ቀን እግሯን ብቻ ያያል። ወራት አልፈው ዓመታት ሲተኩ ቁርጥራጩን በልቡ ሰፍቶ ሙሉ ሴት ይሠራል፤ የሠራትንም ያፈቅራል። ጽሑፍ ራሱ እንዲህ ይሠራል። ቃል አንዱን አሳይቶ ሌላውን ይሸፍናል፤ አንባቢም አገሪቱን በቀዳዳ እያየ በልቡ ይሰፋታል። ካሜራ ግን ክፍሉን ሁሉ፣ አንሶላውንም፣ ከወዲህም ከወዲያም ያሉትን ፊቶች በአንድ ጊዜ መያዝ ይችላል። የሚሰጠው ብዙ ነው፤ የሚነጥቀው ደግሞ የመስፋቱን ሥራ ነው። የነፃነት ልጆች አገራቸውን ያወቋት እንደ ሐኪሙ በቁራጭ፣ በወሬ፣ በመማሪያ መጽሐፍና በሬዲዮ ሆኖ ሳለ ፊልሙ ሙሉ አድርጎ ካቀረባት የተሳሳቱበት ምክንያት ይደበዝዛል።

ልጆቹ በሳሊም ጭንቅላት ውስጥ የሚያደርጉት ጉባኤም እንዲሁ ነው። በገጹ ላይ ድምፆች ናቸው፤ ማንነታቸው፣ ቋንቋቸውና ሃይማኖታቸው እየተደባለቀ በአንድ ልጅ ውስጥ ይጮኻሉ። በፊልሙ በዐይን የሚታዩ ልጆች ሆነው ይቀርባሉ። አንድ አገር በአንድ ሰው ውስጥ ትኖራለች የሚለው ትልቅ ሐሳብ፣ የተሰበሰቡ ልጆችን ወደማየት ሲወርድ ይቀላል። ይህን ጉድለት በአዘጋጇ ድክመት ብቻ ማስረዳት ፍትሐዊ አይሆንም፤ ልብ ወለዱ በሰው ውስጥ ያኖረውን ነገር ፊልም በሰው ፊት ለማኖር ስለሚገደድ የሚመጣ ዕዳ ነው።

በሌላ በኩል ፊልሙ መጽሐፉ የማይሰጠውን ሰጥቷል። በልደት ሌሊት የተለዋወጡት ሁለት ሕፃናት፣ በሀብታም ቤት ያደገው ሳሊምና በድህነት ያደገው ሺቫ፣ በመጽሐፉ ውስጥ ሁለቱም የሚታወቁት በሳሊም አንደበት ብቻ ነው። ሺቫን የሚከሰው ሳሊም ነው፤ የሺቫን ቦታ የወሰደውም እሱ ነው። ካሜራው ግን ለሺቫ የራሱን ፊት ይሰጠዋል። ያ ፊት ያለ ተርጓሚ ይናገራል፤ ተመልካቹም ነፃነት ለአንዱ ቤት ሲገባ ሌላውን ደጅ እንዳስቀረው ከተራኪው ሳይጠይቅ ያያል። ተራኪነትን የያዘው ያገኘው ወገን ብቻ በሆነበት የትውልድ ታሪክ ይህ ቀላል ስጦታ አይደለም።

ሌሎች ሁለት መንገዶች

የሴኔጋሉ ሴምቤን ኡስማን ሌላ መንገድ አሳይቷል። «ሃላ» የተሰኘውን ልብ ወለዱን እ.ኤ.አ በ1973 አሳትሞ ከሁለት ዓመት በኋላ ራሱ ፊልም አደረገው። ልብ ወለዱ የተጻፈው በፈረንሳይኛ ነው፤ በፊልሙ ግን ሰዎቹ ወሎፍም ፈረንሳይኛም ይናገራሉ፤ ማን መቼ የትኛውን እንደሚመርጥ ራሱ ፍርድ ይሆናል። የሴኔጋል ነጋዴዎች የንግድ ምክር ቤቱን ከፈረንሳዮች በከበሮና በጭብጨባ ተረክበው፣ ወዲያው ያው ፈረንሳዊ ባቀረበላቸው በብር የተሞላ ቦርሳ ሲደለሉ የሚታይበት ትዕይንት ቃል አይፈልግም። ሴምቤን የልብ ወለዱን ተራኪ ለማዳን አልታገለም። ተራኪው በቃል የሚለውን ሁሉ ወደ ዕቃ፣ ወደ ልብስና ወደ ቋንቋ ለወጠው። ማንበብ ያልታደለው ሕዝብ የመጽሐፉን ፍርድ እንዲሰጥ የፈለገ ደራሲ ያደረገው ምርጫ ነው።

ኃይሌ ገሪማ ደግሞ ከልብ ወለድ ሳይነሣ እ.ኤ.አ በ2008 ባወጣው «ጤዛ» የዚህኑ ትውልድ ታሪክ በኢትዮጵያ ፊልም ሠራ። አንበርብር በጀርመን ተምሮ፣ በአብዮቱ ዘመን አዲስ አበባ ሠርቶ፣ በመጨረሻ አካሉ ጎድሎ ወደ ተወለደበት የጎንደር መንደር ይመለሳል። ፊልሙ ዓመታቱን በቅደም ተከተል አይዘረጋም። ትዝታ በሕልም፣ በቁስልና በእናት ድምፅ እየተቀሰቀሰ ይመጣል፤ ተመልካቹም እንደ ሐኪሙ ቁራጭ በቁራጭ እየሰፋ ይከተላል። በቬኒስ የፊልም ፌስቲቫል የዳኞች ልዩ ሽልማትን፣ በተከታዩ ዓመት በዋጋዱጉ የፌስፓኮ ፊልም ፌስቲቫልን ታላቅ ሽልማት አግኝቷል። ከዚህ የሚወሰደው ትምህርት ግልጽ ነው። የልብ ወለድን ውስጣዊነት ፊልም የሚተካው በተራኪ ድምፅ ሳይሆን በአቀነባበር፣ ማለትም በቅደም ተከተል፣ በድምፅና በዝምታ አሰላለፍ ነው።

ድምፅ የለመደ ጆሮ

ኢትዮጵያ ውስጥ ልብ ወለድ ወደ ሕዝብ የደረሰበት ዋናው መንገድ ሬዲዮ ነበር። የሐዲስ ዓለማየሁን «ፍቅር እስከ መቃብር» በወጋየሁ ንጋቱ ትረካ የሰማው ሕዝብ መጽሐፉን ካነበበው እጅግ ይበልጣል። ወጋየሁ በአንድ ድምፅ ፊታውራሪ መሸሻን፣ ሰብለ ወንጌልንና ጉዱ ካሣን ለየብቻቸው አኖራቸው፤ ፊታቸውን ግን እያንዳንዱ አድማጭ በቤቱ ሣለ። ልብ ወለዱ በቅርብ ዓመታት በሰውመሆን ይስማው አዘጋጅነት ወደ ቴሌቪዥን ተከታታይ ድራማ ሲመለስ የገጠመው ፈተና ከዚሁ ይመነጫል። ተመልካቹ ወደ ምስሉ የመጣው ባዶ ዐይን ይዞ አይደለም፤ ለዓመታት በልቡ የኖሩ ሰዎች አሉት። አንድ ተዋናይ ሲመረጥ የሺህ ሰው ጉዱ ካሣ ይሻራል።

ይህ ፈተና ጥቅምም አለው። በትረካ ያደገ ተመልካች አድማጭ መሆንን ያውቃል፤ ተራኪን መጠርጠርንም ያውቃል። ቡና ላይ ተቀምጦ ሬዲዮ ሲሰማ «አይ፣ እዚህስ አበዛው» ብሎ የሚከራከር ሕዝብ ለፓድማ ሩቅ አይደለም። ከኢትዮጵያ ልብ ወለድ የሚነሣ የትውልድ ፊልም ይህን አድማጭ በታሪኩ ውስጥ ማስቀመጥ ይችላል፤ የሚመረምር ልጅ፣ የሚጠይቅ ተማሪ፣ ዝም ብላ የምታደምጥ እናት። ሩሽዲና መህታ የተዉት ወንበር በዚህ አገር ባለቤት አያጣም።

ኢሉባቦር በካሜራ ፊት

«ሐዲስ» ፊልም ቢሆን መጀመሪያ የሚለወጠው ቦታው ነው። በልብ ወለድ ውስጥ ዝናብ አንድ ዓረፍተ ነገር ነው፤ በኢሉባቦር ግን ዓመቱን አብዛኛውን ወር የሚገዛ ጌታ ነው። በቆርቆሮ ክዳን ሥር የሚያስተምር መምህር ዝናቡ ሲወርድ ድምፁ ይዋጣል፤ ንግግሩን አቁሞ ጠመኔውን አንሥቶ ሰሌዳው ላይ ይጽፋል፤ ልጆቹም በዝምታ ይገለብጣሉ። ጽሑፍ ይህን ማስረዳት አለበት፤ ፊልም ግን ቆርቆሮው እስኪያባራ መጠበቅ ብቻ ይበቃዋል። ብዙ የሚናገር ትውልድ ከአንድ ሰፊ መሬት ፊት ሲቆም ድምፁ ምን ያህል እንደሚያንስ በዚያ ጥበቃ ውስጥ ይሰማል።

የጫካ ቡናውም እንዲሁ ጌጥ ሆኖ መቅረብ የለበትም። ከመቱ እስከ ያዮ፣ ከጎሬ እስከ ኖፓ ያለው ሕይወት በቡና ወቅት ይመራል። የለቀማው ወር ሲደርስ ልጆች ከክፍል ይቀራሉ፤ ቀዩ ፍሬ ተለቅሞ ደጅ ይሰጣል፤ ጀንፈሉ በነጋዴው ሚዛን ይመዘናል፤ ትርፉ ግን ወዴት እንደሚሄድ ሚዛኑ አይናገርም። መምህሩ ስለ እኩልነት የሚያስተምረው ወንበሩ ባዶ ለሆነ ተማሪ ነው። «መሬት ለአራሹ» የሚለው ጥያቄ በአዲስ አበባ አደባባይ መፈክር ነበር፤ እዚህ ግን የአንድ ልጅ መቅረት ነው። ካሜራ ባዶውን ወንበር ካሳየ የልብ ወለዱን ክርክር ግማሽ ተናገረ። የሶር ወንዝ ፏፏቴም ለዐይን ውበት ብቻ ተብሎ ከመጣ ፊልሙ የጎብኚ ፊልም ይሆናል፤ ወንዙን ተሻግሮ ትምህርት ቤት የሚመጣ ልጅ ከታየ ግን ወንዙ ታሪክ ይሆናል።

ከሁሉ የሚበልጠው የቋንቋው ነገር ነው። ልብ ወለዱ በአማርኛ የተጻፈ ስለሆነ የኢሉባቦር ገበሬ ሁሉ በገጹ ላይ አማርኛ ይናገራል። በመቱ፣ በጎሬና በኖፓ ገበያ የሚሰማው ግን በአብዛኛው አፋን ኦሮሞ ነው። ፊልም ይህን የመመለስ ኃይል አለው። መምህሩ በአማርኛ ሲያስተምር፣ ልጆቹ እርስ በርስ በአፋን ኦሮሞ ሲንሾካሾኩ፣ አንዱ ልጅ ለሌላው ሲያስተረጉም በሚታይበት ክፍል ውስጥ የነፃነት ትምህርት ምን እንደሰጠና ምን እንደነሣ ያለ ምንም ንግግር ይወጣል። ሴምቤን በወሎፍ ያደረገውም ይህንኑ ነው። እንዲህ ያለው ለውጥ ከመጽሐፉ መራቅ አይባልም። ደራሲው ያየውንና የጽሑፉ ቋንቋ ሊይዝለት ያልቻለውን እውነት መፈጸም ነው።

የሥልጣን እጅ

መጽሐፍና ፊልም ለሥልጣን እኩል የተጋለጡ አይደሉም። «ኦሮማይ» ገበያ በወጣ አፍታ ታግዶ ተሰበሰበ፤ በዓሉም ከሥራው ተነሣ፤ በየካቲት 1976 ዓ.ም ከቤቱ እንደወጣ አልተመለሰም። መጽሐፉ ግን አልጠፋም፤ ከእጅ ወደ እጅ እየተላለፈ፣ በውሰት እየተነበበ ዘመኑን ተሻገረ። አንድ ቅጂ በመሳቢያ ውስጥ ሊደበቅ ይችላል።

ፊልም ይህ መደበቂያ የለውም። ገና ከመሠራቱ በፊት መንገድ፣ ሕዝብ፣ መሣሪያና ፈቃድ ይፈልጋል። ቢቢሲ እ.ኤ.አ በ1990ዎቹ «የእኩለ ሌሊት ልጆችን» በተከታታይ ድራማ ሊሠራ ሲነሣ ሕንድ ፈቃድ ነፈገች፤ ስሪላንካም የሰጠችውን ፈቃድ ነጠቀች። መህታ ከዓመታት በኋላ በስሪላንካ ስትቀርፅ የፊልሙን ስም ደብቃ ነበር፤ ያም ሆኖ ኢራን ባሰማችው ተቃውሞ ሥራው ለጥቂት ቀን ቆሞ፣ በአገሪቱ ፕሬዚዳንት ውሳኔ ቀጠለ። «ሃላ»ም በሴኔጋል ለዕይታ ሲበቃ በመንግሥት ትእዛዝ ከብዙ ቦታ ተቆርጧል። ነፃነትን ስለተረከበ ትውልድ የሚሠራ ፊልም የዚያን ትውልድ መንግሥታት ፈቃድ ለምኖ መሠራቱ፣ ፊልሙ ስለሚያወራው ነገር ራሱ ማስረጃ ይሰጣል።

ሩሽዲ ለፊልሙ ድምፁን ሰጠ። በዓሉ ያንን ዕድል አላገኘም። ከእሱ መጽሐፍ የሚነሣ አዘጋጅ የሚያማክረው ደራሲ፣ «ይህን ቆርጠህ ጣል፣ ይህን አትንካ» የሚለው ባለቤት የለውም። ይህ ነፃነት መስሎ ይታያል፤ ግን ከደራሲው ጋር ከመሥራት የሚከብድ ኃላፊነት ነው። ባለቤቱ በሕይወት ሳለ የተሰጠ አደራ ቢጓደል ይቅርታ ይጠየቅበታል፤ ባለቤቱ የተሰወረበትን ግን ያጓደለ ሰው ለማን ይናዘዛል?

ታማኝነት ምንድን ነው?

ከላይ ከታዩት ሁሉ አንድ መለኪያ ይወጣል። የትውልድ ልብ ወለድን ወደ ፊልም ሲመልሱ ታማኝነት የሚለካው በተረፉት ትዕይንቶች ብዛት አይደለም። የሩሽዲ ፊልም ብዙ ትዕይንት አድኖ አድማጯን አጣ። የሴምቤን ፊልም ተራኪውን ትቶ ፍርዱን አዳነ። ልብ ወለዱ የሚይዘው ዋና ነገር በሚናገረውና በሚሰማው መካከል ያለ ግንኙነት ነው፤ ትውልዱ ተከሳሽ፣ ምስክርና ጠበቃ ሆኖ ይቆማል፤ ተከታዩ ትውልድ ደግሞ ዳኛ ሆኖ ይቀመጣል። ፊልሙ ይህን ችሎት እስካልዘጋ ድረስ ስሞች ቢለወጡ፣ ዓመታት ቢታጠፉ፣ ገጸ ባሕርያት ቢዋሐዱ ለመጽሐፉ ታማኝ ነው። ችሎቱን ከዘጋ ግን፣ ትውልዱን ጀግና አድርጎም ሆነ ወንጀለኛ አድርጎ፣ እያንዳንዱን ቃል ቢያስቀምጥም መጽሐፉን ክዶታል።

ሁለቱም መዝጊያዎች በኢትዮጵያ ቅርብ ናቸው። ከ1933 ዓ.ም በኋላ ያደገውን ትውልድ በአንድ በኩል አገር ያፈረሰ፣ በሌላ በኩል ለሕዝብ የተሠዋ አድርጎ የሚያቀርብ ንግግር ብዙ ነው። በዓሉ ግን ሁለቱንም አልጻፈም። አበራ ወርቁ ደካማ ነው፤ ግን ድካሙ ይገባል። የኢሉባቦሩ መምህር ቅን ነው፤ ግን ቅንነቱ አይበቃም። ጸጋዬ ኃይለ ማርያም የሚያገለግለውን ሥርዓት ያያል፤ እያየም ያገለግላል። እነዚህ ሰዎች ፍርድ የሚያስፈልጋቸውና ፍርድ የሚከብድባቸው ሰዎች ናቸው። ከነሱ ፊልም የሚሠራ ሰው ለተመልካቹ የሚያስረክበው ፍርዱን ሳይሆን ፍርድ የመስጠትን ሸክም ነው። ያ ሸክም ዛሬ በመቱም ሆነ በኖፓ ትምህርት ቤት ተቀምጦ ለሚማር ልጅ የሚገባው ነው፤ ነፃነቱን ከነዕዳው የወረሰው እሱ ነውና።